ከላውራ ቤት የሁለት ሰዓት መንገድ

ደክሞኝ ነበር። ለዚህ ታሪክ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁለትም። ያወራሁለት ሰው ሁሉ፣ «ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ ያደረግሽው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትፈርዱብኝ አልቀየምም። ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ዳላስ ከገባሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። በሳምንት አምስት ቀን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ገላ ሳጥብ፣ አንሶላ ስቀይር፣ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ከወንበር ወደ አልጋ ሳገላብጥ እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ዶኛ ሮሳ የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምደርሰው ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ደርሼም እንቅልፌን ነው የምለጥጠው። ጓደኛዬ ዘውዴ በክርኗ እየጎሸመች፣ «ኧረ አሜን በይ፣ ፓስተሩ እያየሽ ነው!» ትለኛለች።

ዶኛ ሮሳ የኢኳዶር ሰው ናቸው፤ «ዶኛ» በስፓኒሽ «እሜቴ» እንደ ማለት ነው። የተወለዱት ኩዌንካ ከምትባል ጥንታዊ ከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ መንደር ነው። በወጣትነታቸው አንድ የቴክሳስ ሰው አግብተው መጡ፤ ባልየው ሞተ፤ ፎርት ዎርዝ የሚኖር ሮበርት የሚባል አንድ ልጅ ቀራቸው። አገር ቤት ደግሞ አንዲት እህት አለቻቸው፤ ላውራ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመት አልተያዩም። ፎቶዋ ከአልጋቸው ራስጌ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ክኒናቸውን ስሰጣቸው መጀመሪያ ወደ ፎቶው ዞረው፣ «ይኸው ዋጥኩት፣ ደስ ይበልሽ» ይሏታል። «ታላቋ እኔ ነኝ፣ አዛዧ ግን እሷ ናት» ብለውኛል።

በዚያ ዓመት ላውራ መታመሟ ተሰማ። ሮበርት አንድ እሁድ መጣና ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገባ።

«ሰብለ፣ እናቴ እህቷን ሳታይ አትቀመጥም። እኔ ሥራዬን ጥዬ መሄድ አልችልም። አንቺ ውሰጂልኝ፤ ሁለት ሳምንት ብቻ።»

እሺ አልኩት። ለዶኛ ሮሳ አዝኜ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመጦሪያው መራቅ ነው የታየኝ። ደቡብ አሜሪካ ይሁን ጨረቃ ግድ አልነበረኝም፤ የምተኛበት አልጋ ይኑረው እንጂ።

ከዳላስ ማያሚ፣ ከማያሚ የኢኳዶሯ የወደብ ከተማ ጓያኪል፣ እዚያ አድረን በትንሽ አውሮፕላን ወደ ተራራው ወጣን። ኩዌንካ የደረስነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር፤ ከፍታው ሁለት እርምጃ ስትራመዱ ትንፋሽ ያሳጥራል። የዶኛ ሮሳ እግር ከጫማቸው በላይ አብጧል። ዓይናቸው ግን ከአውሮፕላኑ ከወረዱ ጀምሮ እየሳቀ ነው። አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ሻንጣችንን ስጠብቅ አንድ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ መጣ። የላውራ ልጅ ማኑኤል ነበር። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ኒውዮርክ ምግብ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቶ ስለተመለሰ እንግሊዝኛ ይናገራል።

«ነርሷ አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ።

ነርስ አይደለሁም። ነርስ ሆኜም አላውቅም። መጦሪያው ውስጥ ነርሶቹ የሚያዙኝ ሰው ነኝ። ግን አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ባርኔጣውን አውልቆ ያናገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ «አዎ» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አቁማለች። ሐኪሙ ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ሳምንትም ልትቆይ ትችላለች ብሎናል። ‹አውሮፕላኑ መጣ?› እያለች ትጠይቃለች። አሁን ብንነሳ በሁለት ሰዓት እንደርሳለን። ለአክስቴ ግን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም። አንቺ ልባቸውን ታውቂያለሽ፤ ንገሪልኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። እኔ ያደግኩት ክፉ ወሬ በደረሰበት ሰዓት የማይነገርበት ቤት ውስጥ ነው። መንገደኛ ከመንገዱ ይግባ፣ ይብላ፣ ይረፍ፣ ዘመድ ይሰብሰብ፣ ከዚያ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ከዚያ ጉዞ ሁለት ዓመት በፊት አባቴ አዲስ አበባ ሞቶ፣ ዳላስ ያለው ሰው ሁሉ አውቆ እኔ ለአምስት ወር አልሰማሁም። አንድ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ፓስተሩም ዘውዴም አሉበት። ገና ሳያወሩ ገባኝ። በእነዚያ አምስት ወራት የአባቴን የደም ግፊት መድኃኒት ለመንገደኛ ሰጥቼ ነበር። መንገደኛዋ መሞቱን እያወቀች ተቀብላኝ፣ «በደህና አደርስልሻለሁ» ብላኛለች። ተቀይሜ ነበር? አልተቀየምኩም። እንዲያውም «እንዴት ተጠንቅቀውልኛል» ብዬ አመሰገንኳቸው። ክፉ ወሬን ማቆየት ፍቅር እንደሆነ ነበር የማውቀው፤ ሌላ መንገድ እንዳለው አስቤም አላውቅ።

ስለዚህ ማኑኤልን፣ «እንዳትነግራቸው» አልኩት። «ልባቸው ደካማ ነው። ከአውሮፕላን እንደወረዱ ይህን ቢሰሙ መንገድ ላይ ይወድቁብናል። ዛሬ ይረፉ፤ ነገ በማለዳ ቀስ ብለን እንሄዳለን።»

«ግን እናቴ...»

«ሐኪሙ ሳምንትም ልትቆይ ትችላለች ብሏል አላልክም?»

ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። «አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለ።

ከዚህ ታሪክ የምጠላው ክፍል ቢኖር ይህ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ዶኛ ሮሳ ልብ ብቻ አልነበረም። የሁለት ሰዓት የተራራ መንገድ፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ የማላውቀው ሰው ቤት ወለል ላይ መተኛት ታየኝ። አንድ ቀን፣ አንድ አልጋ ፈለግኩ። ፍርሃቴንም ድካሜንም በባህሌ ሸፈንኩት።

ለዶኛ ሮሳ፣ «የማኑኤል መኪና ተበላሽቶ ነው፤ ዛሬ ያሠራዋል፤ ነገ እንሄዳለን» አልኳቸው።

«ታዲያ ታክሲ እንያዝ!»

«ሐኪሙ ከፍታው ላይ አንድ ቀን ማረፍ አለባቸው ብሏል።» የትኛውም ሐኪም እንዲህ አላለም።

«ሰብሊታ፣ እኔ እኮ እዚሁ የተወለድኩ ሰው ነኝ። ከፍታው ለአንቺ ነው።» ትንሽ አኮረፉ። ከዚያ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እሺ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀች አንድ ቀን አያቅታትም።»

ማኑኤል ወደ እናቱ ተመለሰ፤ እኛ ሆቴል ገባን፤ ጫማዬን አውልቄ ገና ጋደም ከማለቴ ዶኛ ሮሳ ሻርፓቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ተነሺ! ለመተኛት ዳላስ አለልሽ። ከተማዬን ላሳይሽ።»

ያረፉትን ዕረፍት ልንገራችሁ። ያን ቀን እግራቸው ያበጠ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴትዮ እኔን እንደ ሻንጣ ሲጎትቱኝ ዋሉ። አደባባዩ ላይ ሰማያዊ ጉልላቶች ያሉት ቀይ ትልቅ ካቴድራል አለ። ውስጥ ገብተው ተንበረከኩ፤ እኔ ጴንጤ ነኝና እጄን አጣምሬ ቆሜ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ፣ በእንጨት በረንዳዎች ሥር እያለፍን ወደ ወንዙ ወረድን። ቤቶቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው ወደ ውኃው ያዘነብላሉ። «እዚች ድንጋይ ላይ ነው ላውራ ወድቃ ጥርሷ የተሰበረው» አሉኝ። «ባርኔጣ ልንሸጥ መጥተን። ደሙን በአዲሱ ባርኔጣ ጠራርጌ እናታችን ገረፈችኝ።» ደረጃውን መልሰው ሲወጡ ሁለቴ ብቻ ነው የቆሙት፤ እኔ አራቴ።

ደረጃው አናት ላይ ሆነው ሲጠብቁኝ አየኋቸው። ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ትንፋሻቸው ደህና ነው። «እኚህ ሴትዮ የሁለት ሰዓት መንገድ ያቅታቸዋል ወይ?» አልኩ ለራሴ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም። ታክሲ ብንይዝ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እንደርሳለን። አፌን ከፈትኩ፤ ግን አሁን ብናገር ጠዋት መዋሸቴም አብሮ ሊወጣ ነው። ዘጋሁት።

አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አበባ የሚሸጡ ሴቶች የተቀመጡበት ቦታ ደረስን። ዶኛ ሮሳ ነጭ አበባ መረጡ፤ ሻጯን በስፓኒሽ የሆነ ነገር ጠየቋትና ወደ እኔ ዞሩ። «እስከ ነገ የማይጠወልግ ስጪኝ አልኳት። ላውራ የጠወለገ አበባ ካመጣሁላት ትስቅብኛለች።»

ምሳ የበላነው ከገበያው በላይ ባለ ቤት ነው፤ ትልልቅ ፍሬ ያለው የተቀቀለ በቆሎና የአሳማ ጥብስ። ዶኛ ሮሳ እየበሉ ስለ ላውራ ያወራሉ። በሠርጋቸው ዋዜማ አልቅሳ አላስተኛ እንዳለቻቸው፣ አሜሪካ ሲሄዱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥታ፣ «እዚያ ማን ይቆጣሻል?» እንዳለቻቸው። እየሳቁ ዕንባቸውን ጠረጉ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ሰዓት ይላል። ሰዓቱን ለምን እንዳየሁት እንጃ፣ ግን አይቼዋለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ሆቴል ተመልሰን ዶኛ ሮሳ ሸለብ አላቸው። እኔ ወደ ታች ስወርድ ማኑኤል በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ባርኔጣው በእጁ ነው።

«ሰባት ሰዓት ላይ» አለኝ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቀብር ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ?» አልኩት።

«ከነገ ወዲያ። አሁን ልንገራቸው?»

«ቆይ» አልኩት፤ ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ። ማዕዘኑ ላይ ወዳለው የስልክ ቤት ሄጄ አንዷ ሳጥን ውስጥ ገባሁና ዳላስ ለዘውዴ ደወልኩ።

«ሰብልዬ! ደረሳችሁ? እኔ እኮ ትላንትና ኮል ታደርጊያለሽ ብዬ ስጠብቅ...»

«ዘውዴ፣ እህታቸው ሞተች።»

«ውይ! የሴትዮዋ? ውይ ጌታዬ! ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ጎበዝ። እንዳትነግሪያቸው! ማለቴ፣ ሆቴል ውስጥ ናችሁ አይደል? ብቻቸውን ናቸው፣ ዘመድ የለም፣ ምን የለም። ሶ ዛሬ አብልተሽ አስተኛቸው። ነገ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት አንድ ትልቅ ሰው ይንገራቸው። እኛስ ላንቺ እንደዛ አይደል ያደረግነው?»

«ዘውዴ፣ ጠዋት ስንደርስ በሕይወት ነበረች። እንደምትሞት አውቅ ነበር። እየጠየቀቻቸው ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች ዘውዴ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እሱን አታንሺባቸው። የጠዋቱን ተይው። ማን ያውቃል?»

ማኑኤል ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ያንኑ ምክር ይዤ ተመለስኩ። ማኑኤልን «ነገ፣ እቤት ስንደርስ» አልኩት። ለዶኛ ሮሳ ራት ሾርባ አዘዝኩላቸው፤ ጠጡ፤ አበባውን ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ተኙ። ያቺን የጓጓሁላትን አልጋ አገኘኋት። እንቅልፍ ግን በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ማለዳ ተነሳን። መንገዱ ወንዝ ተከትሎ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ በቆሎ፣ ቀያይ የጭቃ ቤት ነው። ሴቶች ደማቅ ሰፊ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ባርኔጣ አድርገው እየተራመዱ ሌላ ባርኔጣ ይሠራሉ፤ ሰንበሌጥ የመሰለው ቀጭን ሣር በጣታቸው መሐል ይሯሯጣል፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። «እኔና ላውራ እንዲሁ ነበርን» አሉ ዶኛ ሮሳ። «እሷ ሁለት ስትጨርስ እኔ አንድ።» ከጭቃ ቤቶቹ መሐል መስኮታቸው የተዘጋ ባለ ፎቅ አዳዲስ ቤቶች ብቅ ይላሉ። ማን እንደሚኖርባቸው ማኑኤልን ጠየቅኩት። «ማንም። ልጆቹ ኒውዮርክ ሆነው ነው የሚያሠሩት» አለኝ። ዶኛ ሮሳ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለውን አበባ ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ይዘው አንዴ ያወራሉ፣ አንዴ ያንጎራጉራሉ። እኔ ኋላ ተቀምጬ ጀርባቸውን አያለሁ። አንድም ቀን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

መንደሩ ሲቃረብ ጥቁር የለበሱ ሴቶች በመንገዱ ጥግ መታየት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ብዙ። ድስት የያዘች አለች፣ እንጨት የተሸከመች አለች። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

«ዛሬ ገበያ ነው እንዴ?» አሉ ዶኛ ሮሳ።

ማኑኤል ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ፍጥነቱን ቀነሰ። ማንጎራጎራቸውን አቆሙ። ከሴቶቹ አንዷ መኪናውን አውቃ ባማተበች ጊዜ፣ ዶኛ ሮሳ እጃቸውን መሪው ላይ አሳረፉ።

«ማኑኤል፣ አቁም።»

አቆመ።

«መቼ?» አሉት፤ እኔም እንድሰማ በእንግሊዝኛ።

«ትናንት። ሰባት ሰዓት ላይ።»

ወደ እኔ ዞሩ። አንገታቸው በቀላሉ አይዞርም፤ መላ ሰውነታቸውን ነው ያዞሩት። «ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርን?»

«ምሳ እየበላን ነበር» አልኩ።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«እሱን አታንሺባቸው» ያለችው የዘውዴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ማኑኤል በመስታወቱ ያየኛል፤ አፉን ሊከፍት ነው፣ ጥፋቱን ሊካፈልልኝ ነው። ቀደምኩት።

«መሞቷን አሥር ሰዓት ላይ ሰማሁ። ልትሞት መሆኑን ግን ጠዋት፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ማኑኤል እንውሰዳቸው ብሎ ነበር። እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። መኪናው አልተበላሸም። ሐኪምም የለም።»

«ጠየቀችኝ?» አሉት ማኑኤልን።

«አዎ። ስድስት ሰዓት ላይ ‹አውሮፕላኑ መጣ?› አለች። መጥቷል አልናት። ‹ታዲያ የት አለች?› አለች።»

ዶኛ ሮሳ ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያ የፈራሁለት ልብ ቀጥ ይላል ብዬ። አንዳቸውም አልሆነም። «ለምን?» አሉኝ።

«ልብዎን ፈርቼ። በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሰው ሲደክመው ክፉ ወሬ አይነገረውም...»

«ልቤ የእኔ ነው» አሉ። «የሚሰበር ከሆነ እህቴ ፊት ይሰበር ነበር።»

በሩን ከፍተው ወረዱ። ልደግፋቸው ስሄድ እጄን ገፉት። የቀረችውን መንገድ፣ ዳገቷን፣ በእግራቸው ወጧት፤ ሴቶቹም መንገድ እየለቀቁላቸው ከኋላቸው ተከተሉ። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ።

ላውራ ነጭ በተቀባች ቤት ውስጥ፣ በሻማ ተከብባ፣ በክፍት ሳጥን ተኝታለች። ፎቶው ላይ ካየኋት በጣም ትንሽ ሆናለች። ዶኛ ሮሳ አበባውን ደረቷ ላይ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ሥር ብዙ ነገር ተናገሩ። ስፓኒሽ ስለሆነ አልገባኝም፤ ቢገባኝም ጆሮዬን እዘጋ ነበር። እኔን ከአሜሪካ የመጣች ነርስ ናት ብለው ከትልልቆቹ ጋር አስቀመጡኝ፤ ሾርባ አመጡልኝ፤ አንዲት ሴት እጄን ሳመችኝ። እናቴ ሆይ፣ እንዴት ያለ ቅጣት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ለቀናት ዶኛ ሮሳ ከ«ውኃ» እና ከ«ክኒኔን» በቀር ቃል አልተነፈሱልኝም። በአምስተኛው ቀን ቤተሰቡ የሟቿን ልብስ ተሸክሞ ወንዝ ወረደ። ልማዳቸው ነው፤ ሟች የለበሰውን፣ የተኛበትን ሁሉ ዘመድ ሰብሰብ ብሎ ወንዝ ውስጥ ያጥበዋል። ዶኛ ሮሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። እኔ ምንም ሥራ ስላልሰጡኝ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ውኃው አጥንት ይሰብራል። ማጠብ ብቻ ነው የማውቀው፤ አጠብኩ። ሲደክመኝ ወደ ዶኛ ሮሳ ተጠጋሁ።

«ነርስ አይደለሁም» አልኳቸው። «ማኑኤልን ዋሽቼው ነው።»

«እንዳልሆንሽማ አውቃለሁ» አሉ። «ነርስ ብትሆኚ መጀመሪያ ትጠይቂኝ ነበር።»

ከዚያ ከድንጋዩ ተነስተው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወንዙ ዳር ድረስ መጡ። የላውራ የሱፍ ብርድ ልብስ ውኃ ጠጥቶ ለአንድ ሰው አይነሳም። አንዱን ጫፍ አነሱ።

«ያዥ» አሉኝ። «ይቅር አላልኩሽም። ግን ይህን ብቻዬን አልችለውም።»

እሳቸው በአንድ በኩል እኔ በሌላው ሆነን ጠመዘዝነው። ውኃው እግራችን ላይ ወረደ። ዕንባዬም አብሮ። እሳቸው አላለቀሱም፤ «አጥብቂው» ብቻ ነው ያሉኝ።

ስንመለስ ማኑኤል አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰን። አሁንም ወደ ጎን ወሰደኝ። ሰውዬው ይህ ሁሉ ሆኖ ከእኔ ፈቃድ ይጠይቃል። «እናቴ በመጨረሻው ጠዋት ‹ለሮሳ ብቻ የምነግራት ነገር አለኝ› ብላ ነበር። ለእኛ ብትነግረን ብንላት እምቢ አለች። አሁን ይህን ለአክስቴ ልንገራቸው ወይስ ልተወው? የበለጠ እንዳያዝኑ ብዬ ነው።»

«እሱን የምወስነው እኔ አይደለሁም» አልኩት። «ንገራቸው። አሁኑኑ፣ ሳይሳፈሩ።»

ነገራቸው።

ዶኛ ሮሳ አላባረሩኝም። «ሌላ ሰው ማስለመድ ይደክመኛል» አሉ። መቼ ይቅር እንዳሉኝ አላውቅም፤ ምናልባት አላሉኝ ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ እየሄድኩ ገላቸውን አጠብኳቸው።

አሁን ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የምለው አለኝ። ባህላችንን ልሰድብ አይደለም የተነሳሁት። እነዚያ ቅዳሜ ማለዳ በሬን ያንኳኩ አሥራ ሁለት ሰዎች ወድደውኝ ነው፤ አቅፈውኝ ነው የዋሉት፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር አወቅኩ። ሰውን ከክፉ ወሬ እጠብቃለሁ ስል የምጠብቀው ራሴን ነበር፤ ሲያለቅስ ላለማየት፣ የሚመጣውን ሸክም ለአንድ ቀን ለማቆየት። የሞተን ሰው ወሬ ማቆየት አንድ ነገር ነው። ገና በሕይወት ያለን ሰው ማስቀረት ሌላ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የያዝኩት።

ከዚያ ጉዞ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የዘውዴ ወንድም ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «እናታችን በጣም ታማለች፤ ብዙም አትቆይም ተብለናል። ለዘውዴ እንዳትነግሪያት አደራ፤ በሰው አገር ሆድ ይብሳታል። ሲያልፍ ሰብሰብ ብላችሁ ትነግሯታላችሁ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ መኪናዬን አስነሳሁ። ዘውዴ ፎርት ዎርዝ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር የምትሠራው። በምሳ ሰዓቷ ደረስኩና አስጠራኋት። ባጇን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እየሳቀች ወጣች።

«ሰብልዬ! ምን እግር ጣለሽ? ደግሞ የሱፐርቫይዘሩ ቦታ ላይ ነው ፓርክ ያደረግሽው!»

«ዘውዴ፣ እናትሽ ታመዋል። ብዙም አይቆዩም ተብሏል። ነገ መሄድ አለብሽ።»

መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ በሁለት እጇ ደረቴን ገፋችኝ። «እንዲህ ይባላል? ሥራ ቦታ? ቆሜ? ጨካኝ ነሽ! ጨካኝ!» አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች፤ አብሬያት ተቀመጥኩ። በማግስቱ በረረች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሜ ጠፋ፤ «አንጀት የላትም» የሚል ወሬ ተናፈሰ።

ዘውዴ እናቷ ጋ አራት ቀን አገኘች። ስትመለስ ጥቁር ለብሳ በቀጥታ ከኤርፖርት ወደ እኔ ቤት መጣች። አመሰግናለሁም ይቅርታም አላለችኝም። ጫማዋን አውልቃ ሶፋዬ ላይ ወጣችና እናቷ ያሏትን ሁሉ፣ የተቆጧትን፣ የመረቋትን፣ «ከሳሽ» ያሏትን ሳይቀር አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከሥራ መግባቴ ነበር፤ ዓይኔ ይዘጋል። አንዲት ቃል እንዳታልፈኝ ግን ቆሜ ሰማኋት።

ዶኛ ሮሳ የሚያወሩት እንዲህ ያለ ነገር አልነበራቸውም። የነበራቸው ላውራ ልትነግራቸው ስለፈለገችው ነገር ግምት ብቻ ነው። ቅዳሜ እግራቸውን ሳጥብ፣ «ስለ አባታችን መሬት ሊሆን ይችላል» ይሉኛል። በሳምንቱ፣ «አይደለም፤ ያ አንድ ጊዜ የተጣላንበት ልጅ ይሆናል፤ እሷም ትወደው ነበር መሰለኝ።» በሌላው ሳምንት፣ «ምናልባት ልትቆጣኝ ብቻ ይሆናል።» እኔ አጥባለሁ። በመጨረሻው ቅዳሜ ድምፃቸው ደክሞ፣ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ነው የሰማኋቸው። ያን ቀንም አዲስ ግምት ነበራቸው።